ውስጡን ለቄስ፦ የአቮካዶ ታሪክና የገዢው ፈተና

ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ባለው ጉሊት ለብዙ ዓመታት ፍራፍሬ ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት አሉ። አቮካዶ የሚፈልግ ሰው ሲመጣባቸው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ። «ለዛሬ ነው ለነገ?» ይላሉ። «ለዛሬ» ያላቸው እንደሆነ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደድ አድርገው አንዱን መዝዘው ያወጣሉ። «ለከነገ ወዲያ» ያላቸው እንደሆነ ደግሞ ድንጋይ የመሰለውን አንሥተው «በጋዜጣ ጠቅልለህ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ክተተው» ብለው ይሸኙታል። ተሳስተው አያውቁም ማለት ማጋነን ይሆናል። ሲሳሳቱ ግን በማግሥቱ «በል ና ውሰድ፣ የትናንቱ ዕዳ አለብኝ» ብለው ይተካሉ።

ይህ ጸሐፊ የእኚህን እናት ዋጋ በቅጡ የተረዳው አዲስ አበባ ሆኖ አይደለም። ባሕር ማዶ፣ አሜሪካን አገር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ አክስቱን ሊጠይቅ የሄደ ጊዜ ነው። አክስቴ ለእሑድ ምሳ እንግዳ ጠርታ ነበር። ሰላጣው ላይ የሚሆን አቮካዶ ስድስት ስድስት ሆኖ በመረብ ከረጢት የታሰረ ገዛች። ከረጢቱ ላይ «ኦርጋኒክ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አለበት። አጠገቡ ተደርድሮ ከነበረው ተራ አቮካዶ ጋር ሲተያይ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። «ለሆድ አይሰሰትም» ብላ ከፈለች።

እንግዶቹ ተቀምጠው ሳለ የመጀመሪያው ተከፈለ። ውስጡ ጥቁር ክር ክር ያለበት፣ ዐመድ የመሰለ ነበር። ሁለተኛው ቢላዋ አልገባ አለ፤ ሲገባም እንደ ጎማ ነው። ሦስተኛው እውነትም አቮካዶ ሆነ። አክስቴ ዐይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ «ኧረ ኦርጋኒክ ነው እኮ!» አለች፤ የተናገረችው ለእንግዶቹ ይሁን ለአቮካዶዎቹ አልታወቀም። ከእንግዶቹ መካከል አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው «አይ ልጄ፣ ውስጡን ለቄስ ነዋ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው ከዚህ ጸሐፊ ጋር ቀረ። አክስቴ እጥፍ ዋጋ ከፍላ የገዛችው ምን ነበር? ጣዕም ነው? ጤና ነው? ወይስ የኅሊና ዕረፍት? ልጣጩ ተዘግቶ በሚሸጥ ፍሬ ላይ ሻጭና ገዢ የተማመኑት በምንድን ነው? ነገሩ ሲፈተሽ ከአንድ ምሳ የሰፋ፣ ሺህ ዓመታትን የሚያካልል ታሪክ ሆኖ ተገኘ። እነሆ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ መራጮች

የአቮካዶ አገር መካከለኛው አሜሪካ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ በሚባለው ግዛት፣ በቴዋካን ሸለቆ ኮሽካትላን የሚባል ዋሻ አለ። አርኪዎሎጂስቶች በዚያ ዋሻ ካገኟቸው የምግብ ቅሪቶች መካከል ከ9 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አቮካዶ ይገኝበታል። ሰው ገና እርሻ ሳያውቅ፣ ከጫካ እየለቀመ በሚኖርበት ዘመን ይበላው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት የአፈር ንጣፎች ውስጥ የተገኙት ዘሮች ዘመኑ እየቀረበ በሄደ ቁጥር እየተለቁ ይመጣሉ። በ2025 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በምዕራብ ሆንዱራስ ኤል ሂጋንቴ ከተባለው ዋሻ የተገኙትን ቅሪቶች መርምሮ፣ ሰዎች ከ7 ሺህ 5 መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ትልልቁንና ልጣጩ ወፈር ያለውን እየመረጡ ያራቡት እንደነበር አሳይቷል።

እንግዲህ አቮካዶን መርጦ መውሰድ ዛሬ በሱፐርማርኬት የተጀመረ ጥበብ አይደለም። በዚያ ዋሻ የተቀመጠች አንዲት እናት ጣፋጩን በልታ ዘሩን ከደጇ ስትቀብር የመጀመሪያውን ፍርድ ሰጠች። የፍርዱ ማስረጃም ምላሷ ነበረ። ዛፉን ታውቀዋለች፤ የወለደውንም ታውቀዋለች። በእሷና በፍሬው መካከል ነጋዴም መርከብም ማኅተምም አልነበረም።

ዝርያው በጊዜ ብዛት በሦስት ቤተሰብ ተከፈለ። የሜክሲኮው ልጣጩ ስስ፣ ቅባቱ ብዙ፣ ቅጠሉ ሲታሽ እንደ አኒስ የሚሸት ነው። የጓቴማላው ልጣጩ ወፍራምና ሸካራ ነው። ዌስት ኢንዲያን የሚባለው ቆላ ወዳድ፣ ፍሬው ትልቅ፣ ውኃው የበዛ፣ ቅባቱ ያነሰ ነው። ይህ የቤተሰብ ልዩነት በኋላ ዳኞችን ሳይቀር እንደሚያጨቃጭቅ እናያለን።

ስምን መልአክ ያወጣዋል?

አዝቴኮች በናዋትል ቋንቋቸው ፍሬውን «አዋካትል» ይሉት ነበር። ስፔኖች ቃሉ ምላሳቸው ላይ አልገባ ቢላቸው «አጉዋካቴ» አደረጉት። ስለ ፍሬው በአውሮፓ በመጀመሪያ ጽፎ ያሳተመ ማርቲን ፈርናንዴዝ ዴ ኤንሲሶ የተባለ ስፔናዊ ሲሆን፣ በ1519 ሴቪሊያ በታተመው የጂኦግራፊ መጽሐፉ ዛሬ ኮሎምቢያ በምትባለው አገር፣ ሳንታ ማርታ አካባቢ ያየውን ሲገልጽ ውስጡን ከቅቤ ጋር አመሳስሎታል። አቮካዶን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቃል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ስሙ መንገድ ላይ ሲንገላታ ከጠበቃ ስም ጋር ተጋጨ። ፈረንሳዮች ዛሬም ለጠበቃውም ለፍሬውም «አቮካ» የሚል አንድ ቃል ነው ያላቸው። ሐንስ ስሎን የተባለው ሐኪም በ1696 ባሳተመው የጃማይካ ዕፅዋት ዝርዝር ውስጥ «አቮካዶ» የሚለው ስም ሰፈረ። ተራው ሕዝብ ግን ልጣጩን አይቶ «የአዞ ፒር» የሚል ቅጽል አወጣለት። በ1915 የካሊፎርኒያ አምራቾች ማኅበር ሲያቋቁሙ አንዱ ራስ ምታታቸው ይኸው ነበር። «የአዞ» የተባለ ነገር ማን ገዝቶ ይበላል? «አዋካቴ» የሚለውንስ የአሜሪካ ባለሱቅ እንዴት አድርጎ ይጥራው? ሲመክሩ ሰንብተው «አቮካዶ» በሚለው ጸኑ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዚህን ፍሬ ስም ግን ያወጣው ገበያ ነው። ጣዕሙ በስሙ ውስጥ የለም፤ ገዢውን እንዳያስደነግጥ ተብሎ የተመረጠ ስም ነው። የአክስቴ ከረጢት ላይ የነበረው አረንጓዴ ቃል ቅድመ አያቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው

በ1911 ካርል ሽሚት የተባለ ወጣት ከካሊፎርኒያ ወደ ሜክሲኮ ተላከ። ተልዕኮው ገበያ ለገበያ እየዞረ ምርጥ አቮካዶ መፈለግ፣ ሻጩ ፍሬውን ከየትኛው ዛፍ እንዳወረደው ጠይቆ ዛፉ ድረስ መሄድ፣ ከዛፉም ለማጣበቂያ የሚሆን ቅርንጫፍ ቆርጦ መላክ ነበር። ልብ በሉ፤ የሳይንሱ መነሻ ጉሊት ነው። አትሊክስኮ ከተባለች ከተማ የላከው አንዱ ቅርንጫፍ በ1913 ካሊፎርኒያን የመታውን ከባድ ውርጭ ተቋቁሞ ተረፈ። ስለዚህም «ፉዌርቴ» ተባለ፤ በስፓኝኛ ብርቱ ማለት ነው። ፉዌርቴ ለብዙ አሥርት ዓመታት የካሊፎርኒያ ንጉሥ ሆኖ ኖረ። ልጣጩ ለስላሳና አረንጓዴ ነው። ገዢውም «አቮካዶ ማለት አረንጓዴ ነው» ብሎ ዐይኑን አስለመደ።

ይህን ንጉሥ ከዙፋኑ ያወረደው ደግሞ የአንድ ፖስተኛ ዛፍ ነው። ሩዶልፍ ሐስ በፓሳዴና ከተማ ደብዳቤ የሚያድል ሰው ነበር። በ1920ዎቹ ላ ሐብራ ሃይትስ በተባለ ኮረብታ ላይ አነስተኛ መሬት ገዝቶ የአቮካዶ ዘር ተከለ። ዕቅዱ ችግኞቹ ሲበቅሉ የፉዌርቴ ቅርንጫፍ ሊያጣብቅባቸው ነበር። ከችግኞቹ አንዱ ግን የተጣበቀበትን ሁሉ እንቢ አለ። ሐስ ሊቆርጠው አስቦ ሳለ፣ እንዲተወው ተመክሮ ተወው። ዛፉ በጊዜው አፈራ። ፍሬው ሸካራ ነው፤ ሲበስልም ይጠቁራል። ለዐይን የሚማርክ አይደለም። የሐስ ልጆች ግን ቀምሰው ከፉዌርቴ ይሻላል አሉ ይባላል። ፍርዱ አሁንም ከምላስ መጣ።

ሐስ በ1935 ለዛፉ ፓተንት የሚባለውን የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ቁጥሩ 139 ነው። ችግኙን አራብቶ የሚሸጥ ብሮካው ከሚባል ባለችግኝ ጋርም ተዋዋለ። ነገር ግን ዛፍ እንደ መኪና አይደለም። አንዱ ገበሬ አንድ ችግኝ ይገዛል፤ ከዚያ ከአንዱ እየቆረጠ እርሻውን በሙሉ ያጣብቃል። ጎረቤቱም ከእሱ ይወስዳል። ሐስ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ገንዘብ በጠቅላላው 5 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ እንደነበር ይነገራል። በ1952 እስኪሞት ድረስ ኑሮው የፖስተኛ ኑሮ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚዞረው አቮካዶ እጅግ የሚበዛው የዚያች የአንዲት ዛፍ ልጅና የልጅ ልጅ ነው፤ አክስቴ የቆረጠቻቸው ስድስቱም ጭምር። እናት ዛፏ ሥሯ በስብሶ በ2002 ሞተች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን?

ሐስ ገበያውን የያዘው ግን በአንድ ጀንበር አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሲጠቁር ገዢው የበሰበሰ እየመሰለው ጥሎት ይሄድ ነበር። ነጋዴው የወደደው በሌላ ምክንያት ነው፦ ወፍራም ልጣጩ መንገድ ይችላል፤ ዛፉም ብዙ ያፈራል። በ1970ዎቹ ፉዌርቴን በልጦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ገዢ በተራው «ጥቁር ካልሆነ አልበሰለም» ማለት ተማረ። ዐይናችን ባለሱቅ ያስተማረውን እንደሚያይ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል!

ጣዕም ፍርድ ቤት ሲቀርብ

አቮካዶ ከሌላው ፍሬ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ዛፍ ላይ እንዳለ አይበስልም። ጎልምሶ ወራት ሙሉ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በዛፉ ላይ በቆየ መጠን ውኃው እየቀነሰ ቅባቱ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ የጣዕሙ ምሥጢር እዚህ ነው። ቸኩሎ የተቆረጠ አቮካዶ ሳይጎለምስ የተወሰደ ነውና ቢለሰልስም አይጣፍጥም። አንገቱ ይጨማደዳል፣ ሥጋው እንደ ጎማ ይሳባል። ከውጭ ሲታይ ግን ከጎልማሳው ጋር አንድ ነው።

ታዲያ ስግብግብ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ገበያ ሳይሞላ፣ ዋጋ ሳይወርድ ቀድሞ ቆርጦ ይሸጣል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ ተመልሶ እንደማይገዛ ያወቁ አምራቾች በ1925 ሕግ አስወጡ። ሕጉ፣ ልጣጩና ዘሩ ሳይቆጠር፣ ከክብደቱ ቢያንስ 8 ከመቶ ቅባት የሌለው አቮካዶ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። ምናልባት በታሪክ ጣዕም በቁጥር ተለክቶ ሕግ ከሆነባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው።

ችግሩ የፍሎሪዳ አቮካዶ ነው። ፍሎሪዳ ቆላ ናትና ዛፎቿ ከዌስት ኢንዲያን ቤተሰብና ከእሱ ጋር ከተዳቀሉት ወገን ናቸው። ፍሬያቸው ትልቅና ቅባቱ አነስተኛ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ የፍሎሪዳን አቮካዶ ጉልምስና የሚለካው በተቆረጠበት ቀን፣ በክብደቱና በስፋቱ ነበር። በዚህ ደንብ «ጎልምሷል» ተብሎ የተጫነው አቮካዶ ካሊፎርኒያ ሲደርስ ቅባቱ ከ8 ከመቶ በታች ሆኖ ከፊሉ ይመለስ ጀመር። ጉዳዩ እየተንከባለለ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1963 ዘጠኙ ዳኞች ስለ አቮካዶ ቅባት 5 ለ 4 ተከፍለው ፈረዱ። የካሊፎርኒያ ሕግ ከፌዴራሉ ደንብ ስለተለየ ብቻ አይሻርም አሉ፤ የቀረውን የክርክር ነጥብ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሱት።

የፍሎሪዳው ገበሬ ያቀረበው አቤቱታ ዛሬም ቢሆን ልብ የሚነካ ነው። የእኔ ፍሬ የጎለመሰው በራሱ ልክ ነው፤ በሌላው ፍሬ ልክ ለምን ትመዝኑኛላችሁ? የካሊፎርኒያውም መልስ ቀላል አይደለም። ውስጡ የማይታይ ዕቃ ሲሸጥ ገዢውን ማን ይጠብቀው? በ1980ዎቹ የቅባቱ መለኪያ ቀርቶ ውኃው ተንኖ የሚቀረውን ደረቅ ክፍል በመመዘን ተተካ። ለሐስ የተቆረጠው ልክ 20.8 ከመቶ ነው። በዚያው ዘመን ነጋዴዎች አቮካዶውን ሙቀቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ኤትሊን በተባለው ጋዝ አለስልሰው ለሱቅ ማቅረብ ጀመሩ። «ለዛሬ ነው ለነገ?» የሚለው የጉሊት ጥያቄ በማሽን ተመለሰ ማለት ነው። ማሽኑ ግን ሲሳሳት በማግሥቱ አይተካም።

«ኦርጋኒክ» ስንል ምን አልን?

አሁን ወደ አረንጓዴው ቃል እንመለስ። ሰር አልበርት ሐዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ ሕንድ አገር፣ ኢንዶር ላይ ሲሠራ የአካባቢው ገበሬዎች ቅጠሉን፣ ገለባውንና የከብቱን እበት አብስብሰው ለመሬቱ የሚመልሱበትን ልማድ አጠና። በ1940 ባሳተመው መጽሐፉም የአፈር ጤና የተክልም የሰውም ጤና መሠረት ነው ብሎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ሎርድ ኖርዝቦርን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ «ኦርጋኒክ እርሻ» የሚለውን ስያሜ በመጽሐፍ አወጣው። በ1942 ሮዴል የተባለ አሜሪካዊ በዚሁ ስም መጽሔት አቋቋመ። ነገሩ መጀመሪያ የጥቂት ሰዎች እምነት ነበር፤ ሱቅ ሲገባ ግን ማንም ነጋዴ በየፊናው «ኦርጋኒክ» እያለ ይለጥፍ ጀመር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ሕግ አወጣ። ዝርዝር ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2002 ነው።

ደንቡ ምን ይላል? መሬቱ ከመከሩ በፊት ለ3 ዓመት የተከለከለ ኬሚካል ያልነካው ይሁን፤ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ጸረ ተባይ፣ በዝርዝር ከተፈቀዱት በቀር፣ አይደረግበት፤ ገበሬው መዝገብ ይያዝ፣ በየዓመቱም ይመርመር። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ወጪም አለው። የዋጋው ልዩነት አንዱ ምንጭም ይኸው ነው። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፦ ደንቡ ስለ ጣዕም አንዲት ቃል አይናገርም። መቼ እንደተቆረጠ፣ በመንገድ ላይ ስንት ቀን በብርድ እንደተቀመጠ፣ ስንት አውራ ጣት እንደተጫነው አይናገርም። ማኅተሙ የሚመሰክረው ፍሬው ስላደገበት መንገድ ነው። አክስቴ ግን ያነበበችው ስለ ፍሬው ውስጥ እንደተጻፈ አድርጋ ነው። ማኅተሙ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውንም አልመለሰም።

ስለ ጤናውስ? እዚህ ላይ አቮካዶ ልዩ ጉዳይ ነው። ወፍራም ልጣጩን ልጠን ስለምንጥለው የጸረ ተባይ ቅሪት ወደ ሥጋው ብዙ አይደርስም። ኦርጋኒክ ግዙ እያለ በመወትወት የሚታወቀው ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እንኳ በየዓመቱ በሚያወጣው ቅሪት የማይበዛባቸው አትክልትና ፍራፍሬዎች ዝርዝር ውስጥ አቮካዶን ለብዙ ዓመታት ከፊተኞቹ ተርታ አስቀምጦታል። ስለዚህ ለሆዷ ብላ እጥፍ ለከፈለችው ለአክስቴ ከእንጆሪ ይልቅ አቮካዶ ላይ ትርፉ ያንሳል።

ትርፉ ካለ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከገበሬው፣ ከሠራተኛውና ከመሬቱ ዘንድ። መድኃኒት የሚረጨው ሰው ልጣጭ የለውም። የሚጠጣው ውኃም በልጣጭ አልተሸፈነም። ለዚህ ብሎ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን አላባከነም። ግን ለምን እንደከፈለ ይወቅ።

ያም ቢሆን ማኅተሙ የማይናገረው ይበዛል። አሜሪካ በ1914 የዘር ነቀዝ ፈርታ የሜክሲኮን አቮካዶ ከልክላ ነበር። እገዳው በ1997 ለ19 ግዛቶች በክረምት ወራት ብቻ ተከፈተ፤ በ2007 በሁሉም ግዛቶች ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የሚቾአካን ግዛት ኮረብታዎች በአቮካዶ ተሸፈኑ። ለአቮካዶ ሲባል የጥድ ደን ተመነጠረ፤ ውኃው ተጠለፈ። ገንዘብ ባለበት ሽፍታ አይጠፋምና የታጠቁ ቡድኖች ገበሬውን ያስገብሩት ጀመር። በ2013 የታንሲታሮ ከተማ ገበሬዎች ራሳቸው መሣሪያ አንሥተው ዘብ ቆሙ። በየካቲት 2022 አንድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ዛቻ ስለደረሰበት አሜሪካ ግዢውን ለአንድ ሳምንት ገደማ አቁማ ነበር። ይህን ሁሉ የሚነግር ማኅተም እስካሁን አልታተመም።

ሂርናና ጉሊት

አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው በ1938 በሐረርጌ ሂርና አካባቢ በግል አትክልተኞች እጅ እንደሆነ የግብርና ጥናቶች መዝግበዋል። ከዚያ ወደ ወንዶ ገነት፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ወላይታና ወደ ጅማ ተዛመተ። ከቡናውና ከእንሰቱ መካከል በቅሎ ጥላ ሆነ። ባሕር ማዶ ሰላጣ ላይ ሲያደርጉት እኛ ጭማቂ አደረግነው። ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ተደራርቦ በማንኪያ የሚበላው «ስፕሪስ» በየትኛውም ምግብ ቤት የሚታወቅ ነው።

በደቡብና በምዕራብ የገበሬው ጓሮ ውስጥ ያለው ዛፍ አብዛኛው ከዘር የበቀለ ነው፤ ዝርያው አይታወቅም። አንዱ ዛፍ ቅቤ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ውኃ። ማዳበሪያና መርጫ የማያውቀውም ብዙ ነው። በአሜሪካ ሱቅ ቋንቋ እጥፍ የሚያስከፍል ነገር ማለት ነው፤ ግን ማኅተም የለውምና ማንም አይከፍልበትም። በአንጻሩ የሐስ ችግኝ እየተስፋፋ ነው። ከሜጫ ቆጋ መስኖ ወደ አውሮፓ ተጭኗል፤ ይርጋለም ላይም ዘይቱ ይጨመቃል። ደግ ነው። ሆኖም ያ የማይታወቀው የጓሮ ዛፍ ተቆርጦ በሐስ ሲተካ፣ ሐስም ራሱ አንድ ቀን ያልታወቀ የጓሮ ዛፍ እንደነበረ ማስታወስ ያሻል። ቀምሶ የሚመሰክርለት ልጅ ባያገኝ ኖሮ ተቆርጦ ማገዶ ይሆን ነበር።

እኛም ብንሆን የአክስቴ ዘመዶች ነን። «የሐበሻ እንቁላል ነው» ሲሉን ጨምረን እንከፍላለን። ከዶሮ እርባታ የመጣ ትንሽ እንቁላል ይሁን አይሁን የምናውቀው በሻጯ ፊት ብቻ ነው። ልዩነቱ የሻጯ ፊት ነገም እዚያው የሚገኝ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ገዢው ምን ያድርግ? ታሪኩ ራሱ ጥቂት ምክር ይሰጣል። አንደኛ፣ በአውራ ጣት አትጫኑ፤ እናንተ የተዋችሁት ጠባሳ ለሚቀጥለው ሰው ጥቁር ሥጋ ይሆናል። መዳፍ ውስጥ አስገብታችሁ በቀስታ ያዙት፤ እሺ ካለ ለዛሬ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለም አትመኑ፤ ቀለም የሐስ ጠባይ ነው፣ የሌላው አይደለም። ሦስተኛ፣ አንዱን ቆርጣችሁ ዘሩን ተመልከቱ። የዘሩ ሽፋን ስስና ቡናማ ከሆነ ጎልምሶ የተቆረጠ ነው። ነጣ ያለና ወፍራም ከሆነ ግን ነጋዴው ቸኩሏል፤ ከዚያ ክምር አትመለሱ። አራተኛ፣ ጠንካራውን ፍሪጅ አታስገቡ፤ መለስለሱ ይስተጓጎላል። አሜሪካን አገር ላለ ዘመድ ደግሞ ፍሬው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ማየት ነው። 4046 ወይም 4225 ካለ ሐስ ነው። ፊቱ ላይ 9 ተጨምሮ 94046 ወይም 94225 ካለ ኦርጋኒክ ሐስ ነው። ከዚያ በላይ አትጠይቋት፤ አታውቅም።

ከጉዞ በተመለስኩ ሰሞን ለጉሊቷ እናት የአክስቴን ታሪክ አጫወትኳቸው። «ሁለት እጥፍ ከፍላ?» አሉ በመገረም።

«ኦርጋኒክ ስለሆነ ነው እማማ። መድኃኒት ያልተረጨ።»

ጥቂት አሰቡና «ታዲያ የኔስ መች ተረጨ?» አሉ። ወዲያው ግን የራሳቸውን ቃል አጠፉ። «ይሁን እንጂ እኔ በምን አውቃለሁ? የሚያመጣልኝ ልጅ ነው የሚያውቀው። እሱንም የሚያውቀው ያወረደለት ገበሬ ነው።»

የዚያን ዕለት ከሰማሁት ሁሉ ይህ ንግግራቸው ከልቤ አልወጣም። ማኅተም የተፈጠረው በበላተኛውና በዛፉ መካከል ያለው ሰው ሲበዛ፣ አንዱ አንዱን የማያውቅበት ጊዜ ሲመጣ ነው። ከተማችንም እየሰፋች፣ ጉሊቱም እየተነሣ ሱፐርማርኬት እየተተካ ሲሄድ ማኅተሙ ለእኛም ይመጣል፤ መምጣቱም አይቀርም። ይምጣ። ነገር ግን የሚመጣው በማግሥቱ «የትናንቱ ዕዳ አለብኝ» የሚለውን ሰው አስነሥቶ ከሆነ፣ ገዢው እጥፍ ከፍሎም ቢሆን የከሰረው እሱ ነው።

«ለዛሬ ነው ለነገ?» አሉኝ እማማ፣ እጃቸውን ወደ ክምሩ እየሰደዱ።

«ለዛሬ» አልኩ።